የሙሽሪትን ነጭ ቀሚስ ብርሃን በልቶት ጥልፉ ጠፋብኝ፤ ከሮው ፋይሉ (ካሜራው ሳያቀናብር ካስቀመጠው ጥሬ ፎቶ) ይመለሳል?

ጠያቂ (ደሴ)፦ ሰላም ለቤቱ። ቅዳሜ ጦሳ ሥር ሙሽሮች አነሳሁ፤ እኩለ ቀን ነው፣ ጥላ የሚባል የለም። ፊታቸው እንዳይጠቁር ብርሃኑን በፊታቸው ለካሁ፤ የሙሽሪት ሐበሻ ቀሚስ ግን ትከሻው ላይ ነጭ በነጭ ሆነ። ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር ላይ ሃይላይትን (የደማቁን ክፍል ብርሃን) እስከ -100 ባወርደው ጥልፉ ትንሽ ብቅ ይላል፣ ጨርቁ ግን አመድ ይመስላል። ዳርክቴብል በሚባለው ሌላ ሶፍትዌር ስከፍተው ደግሞ ያው ትከሻ ሮዝ ሆነ! የቱን ልመን? አልበሙን በዚህ ሳምንት ማስረከብ አለብኝ።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦ አብሽር ወንድሜ። የካሜራው ሂስቶግራም (የብርሃን ስርጭቱን የሚያሳየው ግራፍ) የሚሠራው ከጄፔጉ፣ ካሜራው አቀናብሮ ከሚያወጣው ፎቶ ነው፤ እሱ ተቃጠለ ቢልህም ሮው ውስጥ የተረፈ ሊኖር ይችላል። ዳርክቴብል ላይ ከፎቶው ሥር ያለውን የሮው ኦቨርኤክስፖዝድ ምልክት ተጫን፤ ሮው ውስጥ ብርሃን የሞላበትን ቦታ ያሳይሃል። ካሜራው የሚመዘግባቸው ሦስቱ ቀለሞች፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊው፣ ሁሉም እስከ ጣሪያቸው በሞሉበት ቦታ የትኛውም ሶፍትዌር እውነተኛውን ጥልፍ አያመጣልህም። አንዱ እንኳ ከተረፈ ግን ተስፋ አለ።

ከኮምቦልቻ፦ ሮዙ አያስደንግጥህ። በቀን ብርሃን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሞላው አረንጓዴው ነው። ከዚያ ዋይት ባላንስ (ነጩ ነጭ ሆኖ እንዲታይ ቀለሞቹን የሚያመጣጥነው) ቀዩንና ሰማያዊውን ሲያበዛቸው አረንጓዴው ወደ ኋላ ይቀርና ነጩ ሮዝ ይሆናል። ይህን የሚያስተካክለው ሃይላይት ሪኮንስትራክሽን የሚባለው ሞጁል ነው፤ ጠፍቶ እንዳይሆን እየው። ስልቱን ኢንፔይንት ኦፖዝድ አድርገው። ሮውቴራፒ በሚባለው ሌላ ሶፍትዌር ላይ ከለር ፕሮፓጌሽን የሚባል ስልትም አለ፣ ላፕቶፕህ ደካማ ከሆነ ግን ያንቀራፍፍሃል።

ጠያቂ፦ እጅህ ይባረክ! ከጓደኛ የወሰድኩት ስታይል (የተዘጋጀ የማስተካከያ ስብስብ) ሞጁሉን አጥፍቶት ነበር፤ ሳበራው ሮዙ ለቀቀ። ሦስቱም የሞሉት ትከሻው ጫፍ ላይ ትንሽ ቦታ ብቻ ነው። የላይትሩሙ አመድስ?

ፎቶ ቤት ያለኝ (ፒያሳ)፦ ወንድሜ፣ ሃይላይትን ብቻ ይዘህ አትጎትት። በብሩሽ ማስክ (ማስተካከያው የሚነካውን ቦታ በብሩሽ በመቀባት) ቀሚሱን ብቻ ያዝ፣ ኤክስፖዠሩን (አጠቃላይ ብርሃኑን) ግማሽ ስቶፕ ያህል፣ ማለትም -0.50፣ አውርድ፣ ሃይላይት -50 አካባቢ ይበቃዋል፤ ከዚያ ዋይትስን (እጅግ ነጩን ክፍል) ትንሽ ወደ ላይ መልሰው። የዋናውን ፎቶ ዋይትስ ኦልት ተጭነህ ብትጎትተው የተቃጠለው ቦታ ተለይቶ ይታይሃል። ጨርቁ አመድ የሚመስለው የሚያበራ ነጥብ ስላልቀረለት ነው፤ የጥልፉ ክር ጠርዝ ላይ ብልጭታውን ተውለት። እኔ ጥልፉ ግማሹ ቢጠፋ ይሻለኛል እንጂ ለሙሽራ አመድ አላለብስም።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦ እዚህ ላይ አልስማማም እህቴ። ዘመድ አልበም ሲገልጥ ቶሎ ዓይኑ የሚያርፈው ጥልፉ ላይ ነው። እዚያው ማስክ ላይ ቴክስቸርን (የጨርቁን ዝርዝር የሚያጎላውን) ትንሽ ቢጨምርበት ሁለቱም ይገኛል።

ከኮምቦልቻ፦ ለሕትመቱ ደግሞ የቀሚሱን ነጭ 255 (ከ0 ጥቁር ጀምሮ ሲቆጠር የመጨረሻው ነጭ) አታድርሰው፣ 245 አካባቢ አቁመው። 255 የሆነው ቦታ ቀለም ስለማያርፍበት ባዶ ወረቀት ሆኖ ይወጣል። አልበሙን ሁሉ ከማሳተምህ በፊት አንዷን ፎቶ አሳትመህ በመስኮት ብርሃን እያት።