የድንኳንና ወንበር ኪራይ ሲስተም በግሉ ለሚሠራ ዴቨሎፐር ልሰጥ ነው፤ ውሉ ላይ ምን ላስገባ?

ድንኳን አከራይ

ጤና ይስጥልኝ። ሰሚት አካባቢ የሰርግና የለቅሶ ዕቃ አከራያለሁ፤ ድንኳን፣ ወንበር ከነልብሱ፣ ጠረጴዛ፣ ሳህን፣ ትልልቅ ድስት። እስካሁን የምንሠራው በደብተርና በቴሌግራም ግሩፕ ነው። ትእዛዝ የሚቀበሉት ሁለት ልጆች ናቸው፣ አንዷ መጋዘን አንዱ ሱቅ። ባለፈው ጥር ለአንድ ቅዳሜ ሁለቱም በየፊናቸው 300 ወንበር ቀብድ ተቀበሉ፤ ያለን 450 ነው። የጎደለውን ከሌላ አከራይ ተከራይተን አሟላን፣ የዚያ ሳምንት ትርፍ እዚያው ቀረ። ለቅሶ ደግሞ ቀጠሮ የለውም፤ ሌሊት ይደወላል፣ ሲነጋ ድንኳኑ ቆሞ መገኘት አለበት።

አንድ በግሉ የሚሠራ ልጅ ዘመድ አገናኘኝ። ጨዋ ልጅ ነው፣ የሠራቸውንም አሳይቶኛል። 220 ሺህ ብር ብሏል፤ ግማሹ አሁን፣ ግማሹ ሲያልቅ፣ በሦስት ወር። በዚያ ውስጥ ዌብሳይት፣ የዕቃ ማስያዣ፣ በቴሌብር መክፈያ፣ የስልክ አፕ እና ደንበኛ የሚያናግር ቻትቦት አለ። ዶሜይንና ሆስቲንጉን (የዌብሳይቱን አድራሻና የሚቀመጥበትን ሰርቨር) «እኔ እይዘዋለሁ፣ እርስዎ አይጨነቁ» አለኝ። ሶርስ ኮዱን ከፈለግሁ ሌላ ዋጋ አለው ብሏል፤ ምን እንደሚጠቅመኝ ግን አልገባኝም። ባለቤቴ «ድርጅት ይሻላል፣ ግለሰብ ነገ ካናዳ ሊሄድ ይችላል» ይላል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ዝም አይነቅዝም

ባለቤትሽ እውነቱን ነው። የማውቀው አንድ ክሊኒክ ሲስተም የሠራለት ልጅ ውጭ አገር ወጣ፣ ዶሜይኑ በልጁ ስም ስለነበር የሚያድሰው ጠፋ፣ አንድ ቀን ጠዋት ሲከፍቱት የለም። የታካሚ ቀጠሮ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነበር።

ባክኤንድ ከጎፋ

እኔም በግሌ የምሠራ ዴቨሎፐር ነኝ፤ ስለዚህ ለሙያ ጓደኛዬ ማድላቴን ቀድመው ይወቁልኝ።

ካናዳ መሄዱን ተዉት። ድርጅት ቢሰጡትም ብዙ ጊዜ ኮዱን የሚጽፈው አንድ ልጅ ነው፣ እሱም ካናዳ ይሄዳል። ክሊኒኩን የጎዳው የልጁ መሄድ አይደለም፤ ዶሜይኑ በእሱ ስም መሆኑ ነው። ስለዚህ «አይጨነቁ» ያለዎት ቦታ ላይ ነው መጨነቅ ያለብዎት። ዶሜይኑ በእርስዎ ኢሜይልና በእርስዎ ስልክ ይከፈት፤ ዶት ኮም ይሁን ከኢትዮ ቴሌኮም የሚወሰደው ዶት ኢቲ ለውጥ የለውም። የሰርቨሩም አካውንት እንደዚያው፣ ልጁ የሚገባው እርስዎ በሰጡት ፈቃድ ይሁን። የሆስቲንግ ወጪውን ከጉልበት ዋጋው ለይቶ ይጻፍልዎት። ውጭ አገር ያለ ሰርቨር በዶላር ነው የሚከፈለው፤ ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በብር ጠቅልሎ የተዋዋለ ዴቨሎፐር ከኪሱ እየከፈለ ነው። ከኪሱ የሚከፍል ሰው ደግሞ አንድ ወር ይረሳል።

ቴሌብሩን አይለፉት። የነጋዴ አካውንቱ በእርስዎ ንግድ ፈቃድ ይከፈትና ገንዘቡ በቀጥታ ወደ እርስዎ ይግባ። በገንቢው አካውንት አልፎ የሚመጣ ክፍያ አይቀበሉ፣ ለሁለት ሳምንት ሙከራም ቢሆን።

ሶርስ ኮድ ማለት ሲስተሙ የተጻፈበት ጽሑፍ ነው። እሱ ከሌለዎት ነገ ሌላ ዴቨሎፐር ቢያመጡ አንዲት ቁልፍ ማስተካከል አይችልም፣ ከዜሮ ይጀምራል። የቅጂ መብት አዋጁ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም እንደ ሥራ ስለሚቆጥር፣ ኮዱ የማን እንደሆነ ውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ። እኔ የማደርገው ጊትሃብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ላይ በደንበኛው ስም አካውንት ከፍቼ እዚያ ውስጥ መሥራት ነው፤ የዕለቱን ሥራ የዕለቱ ዕለት እዚያ አስገባለሁ። ልጁ ለሌሎች ደንበኞቹም የሚጠቀምባቸው የራሱ ክፍሎች ካሉት እነሱን ይዞ ይቀጥል፣ እርስዎ የመጠቀምና የማስቀየር መብት ይኑርዎት። ለዚህ ተጨማሪ ገንዘብ ሊጠይቅ ይችላል፣ ነውር የለውም፤ ዋጋው ግን አሁን ይታወቅ።

አፕና ቻትቦቱን ይሰርዙት። ለቅሶ የደረሰበት ሰው ሌሊት 9 ሰዓት ከቻትቦት ጋር አያወራም። የእርስዎ ችግር አንድ ነው፦ ለዚህ ቀን፣ ከዚህ ዕቃ፣ ስንት ይቀረኛል? መጀመሪያ ይህ ብቻ ይሠራ። ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። ዓርብ የወጣ ወንበር ሰኞ ነው የሚመለሰው፤ የወንበር ልብስ ደግሞ ቢመለስም እስኪታጠብ አንድ ቀን አይከራይም፤ ሳህን ተሰብሮ ይጎድላል። ስለዚህ ሲስተሙ «450 አለኝ» ብሎ ከዚያ ላይ ሲቀንስ የሚኖር ከሆነ በየካቲት ውሸታም ይሆናል። ለእያንዳንዱ ቀን ለየብቻ መቁጠር አለበት።

ሲያስረክብዎት ይህን ያድርጉ። ሁለቱን ልጆች ስልካቸውን አስይዘው ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው፣ ለአንድ ቅዳሜ ሁለቱም 300 ወንበር ይሙሉ፣ እኩል «መዝግብ» ይበሉ። አንዱ ተመዝግቦ ሌላው «150 ብቻ ቀርቷል» መባል አለበት። ሁለቱም ከገቡ ለደብተሩ ነው 220 ሺህ የከፈሉት። ይህ የሚከለከለው ዳታቤዙ (መረጃው የሚቀመጥበት ክፍል) ላይ ነው፣ ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ በማሳየት ብቻ አይሆንም፤ ልጁ ሙያውን ካወቀ ሲጠይቁት ወዲያው ይገባዋል።

ቀኑ ሌላው ጣጣ ነው። ሰርግ የሚቀጠረው በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ብራውዘሩ ይዞት የሚመጣው ቀን መምረጫ ግን ፈረንጅኛውን ነው የሚያሳየው። ውስጥ ለውስጥ በፈረንጅ ያስቀምጠው፣ ለልጆቹ የሚታየው በኢትዮጵያ ይሁን። ጳጉሜን 6 ቀን 2019 ላይ ትእዛዝ መዝግብ ይበሉት። 2015 ላይ ጳጉሜን 6 ነበረች፣ ቀጣይዋ 2019 ናት፤ አሥራ ሦስተኛውን ወር የረሳ ሲስተም ስንቱን አይቻለሁ። ሰዓቱንም ይፈትሹ፣ «ከቀኑ 6 ሰዓት ይድረስ» የተባለ ድንኳን በንጋት እንዳይጫን።

ስም ፍለጋም አለ። አንዷ ልጅ «ፀሐይ» ብላ ትመዘግባለች፣ ሌላው «ጸሃይ» ብሎ ይፈልጋል፣ ሲስተሙ «የለም» ይላል። ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ፤ በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ እንዲቆጠሩ ይንገሩት፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ለደንበኛ ኤስኤምኤስ የሚላክ ከሆነም በአማርኛ አንድ መልእክት 70 ፊደል ብቻ ነው የሚይዘው፣ በእንግሊዝኛ 160። «ክቡር ደንበኛችን በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እያቀረብን» ብላችሁ ከጀመራችሁ ቀኑ ሳይጠቀስ የመልእክቱ ግማሽ አለቀ።

የክፍያውን ነገር እኔ አልጨርሰውም፣ ሒሳብ የሚያውቅ ይግባበት። ግማሽ ቅድሚያ ግን ይበዛል።

ድንኳን አከራይ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ፣ ሰርግህን በነፃ ነው የማለብሰው። አንድ ነገር ይከብደኛል፤ ይህን ሁሉ ስጠይቀው አላመነችኝም ብሎ ቅር አይለውም? ዘመድ አለበት። ደግሞም ጥር ላይ መብራት ቢጠፋ ወይ ኔትወርክ ቢቋረጥ ምንድን ነው የምናደርገው?

ሒሳብ ክፍል

እህቴ፣ ቅር የሚለው ሳይጻፍ የቀረውን በኋላ ስትጠይቂው ነው። ንግድ ፈቃድና ቲን እንዳለው አሁኑኑ አጣሪ። ደረሰኝ ካልሰጠሽ 220 ሺህውን ወጪ ብለሽ ማሳየት ይከብድሻል፤ ቀድመሽ የምትቆርጪው ዊዝሆልዲንግ (ከክፍያው ላይ ለመንግሥት የሚቀነስ ግብር) ካለም ውሉ ላይ አስፍሪው፣ በኋላ «ገንዘቤን ቀነሰችው» እንዳይልሽ። ቲን ከሌለው የሚቆረጠው በጣም ይከብዳል፣ ያን ጊዜ ነው ዘመድ የሚጣላው።

ክፍያውን በሚታይ ሥራ ከፋፍይው። ለመጀመር 20 በመቶ፤ የማስያዣው ክፍል የሁለቱን ልጆች ፈተና ሲያልፍ 40፤ ቴሌብሩ በአካውንትሽ እውነተኛ ብር ሲያስገባ 20፤ የቀረው ደግሞ ከርክክብ በኋላ አንድ የሰርግ ወቅት ከሠራችሁበት በኋላ። «ሲያልቅ» የሚል ቃል ውሉ ላይ አይግባ፣ ሶፍትዌር አያልቅም።

የደንበኞችሽን ስምና ስልክ ስለምትይዢ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ይመለከትሻል። ልጁ የደንበኛ ዝርዝርሽን ለሌላ ሥራ እንዳይጠቀምበት፣ ለሌላ አከራይ ሲስተም ሲሠራም ያንቺን ደንበኞች እንደ ናሙና እንዳያሳይበት አንድ አንቀጽ ይበቃል።

ባክኤንድ ከጎፋ

ሰርጌ ገና ነው፣ ቃልዎ ግን ተመዝግቧል።

መብራቱን በተመለከተ፣ በየማታው 12 ሰዓት የነገውንና የተነገ ወዲያውን ትእዛዝ በአንድ ገጽ የሚያትም ቁልፍ ይሥራልዎት፤ ማን፣ የት፣ ስንት፣ ቀሪ ሒሳብ። መጋዘን ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ኔትወርክ ሲጠፋ አዲስ ትእዛዝ በደብተር ይያዝና ሲመለስ አንድ ሰው ብቻ ያስገባው፤ ሁለቱም ካስገቡ ያው ጥር ነው። ባካፕ (የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ) አለኝ ካለዎትም «ትናንት የነበረውን መልሰህ አሳየኝ» ይበሉት፣ ፋይሉን ማየት አይበቃም።

ውሉ ላይ ደግሞ አንድ መስመር ይጨመር፤ ሲስተሙ ሲቆም በስንት ሰዓት ውስጥ ስልክ ያነሳል፣ ለዚህስ በወር ስንት ይከፈለዋል። በነፃ የሚያነሳ ሰው ጥር ላይ ራሱ ሚዜ ሆኖ ይገኛል።

ድንኳን አከራይ

ዛሬ አገኘሁት። ዶሜይኑን በኔ ስም ለማድረግ ወዲያው ተስማማ፣ ሶርስ ኮዱን 15 ሺህ ጨምሮ ይሰጠኛል። ቻትቦቱ ተሰርዟል፤ አፑን ግን ባለቤቴ ወዶታል፣ እንግዲህ እሱን ነው የማሳምነው። ጳጉሜን ስለው ሳቀ፣ ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ማስታወሻ ያዘ። ንግድ ፈቃዱ በእድሳት ላይ ነው ስላለኝ እስኪወጣ ድረስ ቀብድ አልሰጥም። እስከዚያ ልጆቹ መጋዘን ገብተው ወንበሩን እየቆጠሩ ነው፤ ደብተሩ 450 ይላል፣ እስካሁን የተገኘው 431 ነው።