የፎርክሊፍት ሹካ ማስረዘሚያ ከውዳቂ ብረት

ጥያቄ፦ ሰላም ወገን፣ ደብረ ብርሃን ነኝ፣ የ3 ቶን ፎርክሊፍታችን ሹካ 1.07 ሜትር ስለሆነ ረጅም ጣውላ ሲመጣ ጫፉ ይወዛወዝብናል፣ ከወዳደቀ የመኪና ሻንሲ ማስረዘሚያ ሰርቼ ሹካው ላይ ብበይደው ይይዛል?

መልስ፦ ኧረ ወንድሜ ሹካው ላይ እንዳትበይድ! በሙቀት የጠነከረ ብረት ነው፣ ብየዳ ያዳክመዋል ከዛ ድንገት ይሰነጠቃል። ሹካው ላይ የሚጠለቅ አድርገህ ስራውና ከተረከዙ (ሹካው ወደ ላይ ከሚታጠፍበት) ኋላ በፒን እሰረው፣ ርዝመቱም ከሹካው አንድ ተኩል እጥፍ አይለፍ፣ ያንተ 1.60 ገደማ መሆኑ ነው።

መልስ፦ ልክ ብሏል። 3 ቶን የሚባለው ግን የጭነቱ መሃል ከተረከዙ 50 ሳንቲ ሲርቅ ነው፣ ከዛ ባለፈ ቁጥር አቅሙ ይወርዳል፣ የኋላ ጎማው ይነሳብሃል። ሻንሲውንም ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፍቀህ እየው፣ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ካለችው ተወው።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ የማስረዘሚያው ክብደትስ ከፎርክሊፍቱ አቅም ላይ ይቀነሳል?

መልስ፦ አዎ፣ እሱም ጭነት ነው። የፎርክሊፍቱ አምራች ሳይፈቅድ ደግሞ አትጠቀምበት፣ ሰው ባለበትም አትሞክረው።