የባዝኮክስ የሙዚቃ ጉዞ፦ የአምስት ዓመት ሥራ ይህን ያህል ስም ያተረፈው በምን ምክንያት ነው?

የጊታር ተማሪ፦

ለሁላችሁም ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ላለፉት ጥቂት ወራት ፖፕ ፓንክ የሚባለውን የሙዚቃ ስልት ከምንጩ ተነሥቼ ለማወቅ እየጣርሁ ነው። እንደ ብዙ ሰው እኔም ወደዚህ ሙዚቃ የገባሁት በአሜሪካኖቹ በግሪን ዴይ በኩል ነበር፤ ወደ ኋላ እየተከተልሁ በሄድሁ ቁጥር ግን መንገዱ ዞሮ ዞሮ የሚያደርሰኝ በ1976 ማንቸስተር አካባቢ ወደተመሠረተው ባዝኮክስ ወደተባለው የእንግሊዝ ባንድ ሆነ። ዓመተ ምሕረቱም ቀኑም ሁሉ እዚህ የሚጻፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ያልገባኝ ነገር ይህ ነው። ባንዱ በመጀመሪያው ዘመኑ ያወጣው ሦስት አልበሞችን ብቻ ነው፤ ከነጠላ ዜማዎቹም በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ ከፍ ብሎ የታየው 12ኛ ደረጃ ላይ ነው የቆመው፤ በ1981 ደግሞ ተበተነ። እንዲህ በአጭሩ የተቋጨ ጉዞ ከእርሱ በኋላ ለመጡት ሁሉ እንደ አባት የሚቆጠርበት ምክንያት ምንድን ነው? ከ1989 ጀምሮ እንደገና ተሰባስበው የሠሩትስ ከቀድሞው ጋር አንድ ጉዞ ተደርጎ ሊታይ ይገባል ወይስ ለብቻው? ከየት ጀምሬ ላዳምጥ የሚለውንም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ነዋሪ በማንቸስተር፦

ጥያቄው መልካም ነው፤ ነገር ግን በሽያጭ ሰንጠረዥ ከተለካ መልሱ አይገኝም። እኔ በዚህች ከተማ ብዙ ዓመት ስለኖርሁ፣ ነገሩ የሚታየኝ በየቀኑ ከማልፍባቸው ሁለት ቦታዎች አንጻር ነው።

አንደኛው የቀድሞው ፍሪ ትሬድ ሆል ነው፤ ሕንፃው ዛሬ ሆቴል ሆኗል። በየካቲት 1976 በቦልተን የቴክኖሎጂ ተቋም ይማሩ የነበሩት የባዝኮክስ መሥራቾች ፒት ሼሊና ሃዋርድ ዲቮቶ፣ ስለ ለንደኑ የፓንክ ባንድ ስለ ሴክስ ፒስትልስ በጋዜጣ ያነበቡትን በዓይናቸው ለማየት መኪና ተውሰው ወደ ደቡብ እንግሊዝ ወረዱ። ያዩት ነገር እንዲሁ በአድናቆት የሚያልፉት አልሆነላቸውም፤ ባንዱን ወደ ማንቸስተር ጋብዘው ሰኔ 4 ቀን በዚሁ ሕንፃ ትንሿ አዳራሽ ዝግጅት አሰናዱ። የራሳቸው ባንድ በዚያ ዕለት ለመድረክ አልደረሰም ነበር። የመጣው ሰው ጥቂት አሥሮች ብቻ ቢሆንም በኋላ ጆይ ዲቪዥን የተባለውን ባንድ የመሠረቱት ፒተር ሁክና በርናርድ ሰምነር ከመካከላቸው ነበሩ። ስቲቭ ዲግልም ከሌላ ሰው ጋር ባንድ ለማቋቋም ተቀጣጥሮ በር ላይ ቆሞ ሳለ፣ የሴክስ ፒስትልስ ሥራ አስኪያጅ የነበረው ማልኮም ማክላረን በስሕተት ሌላ ሰው መስሎት ወደ ውስጥ አስገባውና ከሼሊና ከዲቮቶ ጋር አገናኘው። ዲግል በዚያ ስሕተት የገባበትን ባንድ እስከ ዛሬ አልለቀቀም። ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ሐምሌ 20 ቀን፣ ሴክስ ፒስትልስ ወደዚያው አዳራሽ ሲመለሱ ባዝኮክስም በመድረኩ ላይ ቆሙ።

ሁለተኛው ቦታ በፒካዲሊ የሚገኘው የሮበርት ፒል ሐውልት ነው። ባንዱ የመጀመሪያ ሸክላውን ሲያወጣ ሥራ አስኪያጁ ሪቻርድ ቡን አባላቱን እዚያ አቁሞ በፖላሮይድ ካሜራ ያነሣቸው ፎቶግራፍ የሽፋኑ ሥዕል ሆነ። ያ ሸክላ «ስፓይራል ስክራች» ይባላል፤ በሸክላው ገጽ ላይ የሚታየውን ጠምዛዛ ጭረት ማለት ነው። የጥያቄዎ ዋና መልስ ያለው በእኔ እምነት እዚህ ላይ ነው። በዘመኑ አንድ ባንድ ሥራውን ለማሳተም ለንደን ያሉ ትልልቅ አሳታሚዎች እስኪጠሩት ይጠብቅ ነበር። እነዚህ ልጆች ግን የሼሊን አባት ጨምሮ ከቤተሰብና ከወዳጅ 500 ፓውንድ ተበድረው፣ ኒው ሆርሞንስ የሚል የራሳቸውን አሳታሚ አቋቋሙ፤ ታኅሣሥ 28 ቀን 1976 ስቱዲዮ ገብተው አራት ዜማዎችን በሦስት ሰዓት ቀዱ፤ ድምፁን ለማዋሐድ ሁለት ሰዓት ጨመሩ፤ በጥር 1977 መጨረሻም 1,000 ቅጂ አወጡ። ቀረጻውን የመራው ማርቲን ሃኔት በኋላ የጆይ ዲቪዥንን አልበሞች የሠራው ሰው ነው።

አንድ ሺሁ ቅጂ አልቆ፣ በድጋሚ እየታተመ 16,000 ያህል ተሸጠ። እኔን ይበልጥ የሚደንቀኝ ግን በሽፋኑ ላይ እያንዳንዱ ዜማ በስንተኛው ሙከራ እንደተቀዳና ምን እንደተደረበበት መጻፋቸው ነው። አሠራሩን ገልጠው ማሳየታቸው ሸክላውን ለገዛው ወጣት ሁሉ «አንተም ትችላለህ» እንደማለት ነበር። ከአራቱ ዜማዎች በአንደኛው ሼሊ በጊታር ለብቻው የሚጫወትበት ክፍል ሁለት ኖታዎችን መላልሶ ከመምታት የተሠራ ነው፤ ጊታር የሚማር ሰው ይህን ቢያዳምጥ ብዙ የሚጠቀም ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝ የተነሡት አነስተኛ ነጻ አሳታሚዎች ብዙዎቹ ከዚህ ሸክላ ምሳሌ የወሰዱ ናቸው።

ግጥም ወዳድ፦

ከላይ የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ፓንክ ወደ ፖፕ ፓንክ የተሸጋገረበትን መንገድ አይነግረንም። በ«ስፓይራል ስክራች» ላይ የሚዘፍነው ዲቮቶ ነው፤ እርሱም ሸክላው እንደወጣ በሳምንታት ውስጥ ባንዱን ትቶ ሄደና ማጋዚን የተባለውን ባንድ መሠረተ። ሼሊ ድምፃዊ ሆነ፤ ቤዝ (ወፍራም ድምፅ ያለውን ጊታር) ይጫወት የነበረው ዲግል ወደ ጊታር ተዛወረ፤ ትንሽ ቆይቶ ስቲቭ ጋርቪ ቤዙን ያዘ። ዛሬ ባዝኮክስ ብለን የምንወደው ድምፅ የተወለደው ከዚህ ለውጥ ነው። የከበሮውን ነገርም ሳልጠቅስ አላልፍም፤ ጆን ማሄር ባንዱን ሲቀላቀል ገና የ16 ዓመት ልጅ ነበር፤ በእጁ ፍጥነትና ጥራት ላይ ግን ልጅነት አይሰማም።

ባንዱ ነሐሴ 16 ቀን 1977 ከዩናይትድ አርቲስትስ ጋር ተፈራረመ፤ ያ ዕለት ኤልቪስ ፕሪስሊ የሞተበት ነው። በ1978 ብቻ ሁለት አልበሞች አወጡ፤ ሦስተኛው በ1979 ተከተለ። ሌሎቹ የፓንክ ባንዶች ስለ መንግሥት፣ ስለ ሥራ አጥነት፣ ስለ ጎዳና ሁከት በሚጮኹበት ሰዓት ሼሊ በዚያው ፍጥነትና በዚያው የጊታር ጩኸት ስለማይሆን ፍቅር፣ ስለ ቅናት፣ ስልክ ስለመጠበቅ ዓይነት ትንንሽ መከራዎች ይዘፍን ነበር። ድምፁም የጀግና ድምፅ አልነበረም፤ ቀጠን ያለ፣ ሊሰበር የደረሰ የሚመስል ነው። የፖፕ ፓንክ ባንዶች እስከ ዛሬ የሚከተሉት መንገድ ይህ ነው፤ ፈጣን ጊታር፣ ወዲያው የሚያዝ ዜማ፣ ራሱን የማይሸሽግ ልብ።

እርስዎ የጠቀሱት 12ኛ ደረጃ ላይ የደረሰው ዘፈን «ኤቨር ፎለን ኢን ላቭ» ብሎ የሚጀምር ስያሜ ያለው ነው። በኅዳር 1977 ባንዱ ኤድንብራ ባለ የእንግዳ ማረፊያ አርፎ ሳለ ሼሊ በቴሌቪዥን የቆየ ሙዚቃዊ ፊልም ሲመለከት፣ መውደድ የማይገባን ሰው ስለ መውደድ የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ጆሮው ገባ፤ በማግሥቱ መኪናቸው ፖስታ ቤት ደጅ ቆማ ሳለች ውስጧ ተቀምጦ ግጥሙን ጻፈ።

ይህን ዘፈን ወደ አማርኛ ልመልሰው ሞክሬ ያጋጠመኝን ላካፍላችሁ። ወንድንም ሴትንም ሊያፈቅር እንደሚችል በግልጽ ይናገር የነበረው ሼሊ፣ የፍቅር ግጥሞቹን የሚጽፈው የተፈቃሪው ጾታ እንዳይታወቅ አድርጎ ነበር፤ ማንም አድማጭ የራሱን ሰው እንዲያስገባበት ነው። በእንግሊዝኛው ይህ ሳይታወቅ ያልፋል። እኛ ግን ገና አፋችንን ስንከፍት «አንተ» ወይም «አንቺ» ማለት አለብን፤ ግሡም ተከትሎ ይመሰክራል። «እርስዎ» ብንል ጾታው ይሰወርልናል፤ ፍቅሩ ግን ወደ አክብሮት ይለወጣል። ብዙ ከታገልሁ በኋላ ሁለተኛ አካልን ትቼ «ሰው» በሚለው ቃል ብቻ ለመሄድ ሞከርሁ፤ እርሱም ሙቀቱን ወሰደብኝ። ሥራው ሳይሳካልኝ ቢቀርም ሼሊ በዚያች ትንሽ ጥንቃቄ ምን ያህል ሰው በዘፈኑ ውስጥ እንዳስጠለለ የተረዳሁት በዚህ ድካም ነው። በ1987 ፋይን ያንግ ካኒባልስ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ፍጥነቱን ለውጦ ሲዘፍነው 9ኛ ደረጃ ድረስ ወጣ፤ ዜማው ከጊታሩ ጩኸት ውጭም በራሱ የሚቆም መሆኑን ያ አሳይቷል።

ከየት ልጀምር ላሉት፦ በ1979 ለአሜሪካ ገበያ ከተዘጋጀው «ሲንግልስ ጎይንግ ስቴዲ» ከተባለው ስብስብ ይጀምሩ። ስምንት ነጠላ ዜማዎች በወጡበት ቅደም ተከተል በአንደኛው ገጽ፣ የየሸክላው ጀርባ ዘፈኖች ደግሞ በሌላው ገጽ ተሰድረዋል።

የመድረክ ሙዚቃ አፍቃሪ፦

በሁለታችሁም መልስ ብዙ ተምሬአለሁ፤ ከ1981 በኋላ ያለውን ዘመን መዝለላችሁን ግን አልቀበልም። ሼሊ ለብቻው ያወጣው የመጀመሪያው ነጠላ ዜማ በሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሪክ በሚፈጥር መሣሪያ) የተሠራ ነበር፤ ቢቢሲ በግጥሙ ምክንያት አላሰራጨውም። ያን ሥራ የመራው የባዝኮክስን አልበሞች የሠራው ማርቲን ራሸንት ነው፤ በዚያው በ1981 ሂውማን ሊግ የተባለውን የእንግሊዝ ባንድ ታላቅ አልበም የሠራውም እርሱ ነው። ስለዚህ መበተኑ ራሱ ፍሬ ነበረው።

ከ1989 በኋላ ደግሞ ሼሊና ዲግል እስከ 2014 ድረስ ስድስት አልበሞች አውጥተዋል። ከእነርሱ የ1993ቱን ለማንም ደፍሬ አዳምጡ እላለሁ፤ ሌሎቹ እኩል ናቸው ብዬ ግን አልከራከርም። በ1994 ኒርቫና የተባለው የአሜሪካ ባንድ በመጨረሻው የአውሮፓ ጉዞው መድረኩን እንዲከፍቱለት የመረጠው እነርሱን ነበር፤ ታናሽ ታላቁን እንዲህ ሲያከብር ደስ ይላል። ሼሊ ታኅሣሥ 6 ቀን 2018 ይኖርበት በነበረው በኢስቶኒያ ዋና ከተማ በታሊን በ63 ዓመቱ ዐረፈ። ለሰኔ 2019 በለንደን ሮያል አልበርት ሆል አስቀድሞ ተይዞ የነበረው የባንዱ ዝግጅት የመታሰቢያው ሆነ። ዲግል ድምፃዊነቱን ተረክቦ በ2022 አዲስ አልበም አውጥቷል። ያለ ሼሊ ስሙን መያዝ አይገባውም የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ከሰኔ 1976 ጀምሮ ያልተለየ ሰው በዚያ ስም የመጫወት መብት እንዳለው አምናለሁ።

የጊታር ተማሪ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተነገረኝ መሠረት ስብስቡን ሁለት ጊዜ አዳመጥሁት። የመጀመሪያው ገጽ የጠበቅሁት ነው፤ አጭር፣ ፈጣን፣ አንዴ ሰምተውት የሚያንጎራጉሩት። ያልጠበቅሁት ሁለተኛውን ነው። ከስድስት ደቂቃ በላይ የሚረዝም፣ ቤዙና ከበሮው ሳይቸኩሉ የሚሄዱበት፣ ሁለቱ ጊታሮች ከግራና ከቀኝ የሚጠራሩበት አንድ ዘፈን አለ፤ ለካ እርሱም የ1979 ሸክላ ጀርባ ነው። ስለ ሁለቱ ኖታዎች የተነገረኝን ይዤ ጊታሬን አንሥቼ ነበር፤ አሁን ግን ይህን ረጅሙን ዘፈን ለመያዝ ስሞክር ሦስት ቀን ሆኖኛል። የዲግልን ድርሻ በግምት አግኝቼዋለሁ፤ የሼሊን መልስ መቼ መግባት እንዳለበት ገና አልያዝሁትም።