ልጁን በላዳ አጣጥፌ መውሰዴ ጥፋት ነበር?

የላዳው ሰውዬ፦

ሰላም ለቤቱ። እዚህ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን አራተኛ ሌሊቴ ነው፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል።

ላዳ ነው የምሠራው፣ ተራዬ ለገሃር አካባቢ። ባለፈው ሐሙስ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ዝናቡ ጋብ እንዳለ፣ ከስታዲየም ወደ ለገሃር ስመጣ አንድ ነጭ መኪና ሞተረኛ ገጭቶ ላጥ አለ። ታርጋውን ማንም አልያዘውም። ልጁ ምግብ የሚያደርስ ነው። ሳጥኑ ተከፍቶ ፒዛው አስፋልት ላይ ተበትኗል። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው።

ወርጄ እስክደርስ ሰው ከቦታል። አንዱ "ውኃ! ውኃ!" ይላል። አንዱ ሄልሜቱን መንጭቆ አወለቀው። ሌላው "አየር ያግኝ" እያለ ብብቱን ይዞ ሊያስቀምጠው ይታገላል። ዳር ላይ ጀበና ቡና የምትሸጥ ልጅ ደግሞ እፍኝ የተወቀጠ ቡና አምጥታ ጭኑ ላይ ነሰነሰችበት። ጂንሱ ጭኑ ጋ ተቀዷል። ደሙ ቡናውን ይዞት ይወርዳል።

አምቡላንስ ደወልኩ። መጀመሪያ አልተነሳም። በሁለተኛው ተነሳ። "የት ነህ?" "ለገሃር።" "ለገሃር የት ጋ?" እዚህ ላይ ምላሴ ተሳሰረ። ድሮ ቢሆን "ከኬክ ቤቱ ፊት ለፊት" እል ነበር። ኬክ ቤቱ ፈርሷል። ስልኩን እንደያዝኩ ሰዉ "ልጁ እየሞተ አንተ ታወራለህ?" ብሎ ጮኸብኝ። ዘጋሁት። አራት ሆነን እጅ እግሩን ይዘን ላዳዬ ውስጥ ከተትነው። የኋላው ወንበር አልበቃውም። እግሩን አጥፈን በሩን ዘጋን። ያኔ የጮኸው ጩኸት ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ከዚያ በኋላ ዝም አለ። ማንኮራፋት ብቻ።

የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። በር ላይ ጥበቃው "አንተ ነህ የገጨኸው?" አለኝ። ውስጥ ደግሞ ቃሬዛ ላይ ስናወጣው አንዲት ሲስተር "ማነው እንደ ጋቢ አጣጥፎ ያመጣው?" አለች። ዞር ብላ አላየችኝም፣ ግን እኔን ነው ያለችው።

ልጁ በሕይወት አለ። የጭኑ አጥንት ተሰብሮ ኦፕራሲዮን ሆኗል። ቅዳሜ ሄጄ ወንድሙን አግኝቼዋለሁ። ስለ እግሩ ሐኪሞቹ "እናያለን" ነው የሚሉት።

አምቡላንሱን መጠበቅ ነበረብኝ? ነገስ እንዲህ ቢያጋጥመኝ ምን ላድርግ? የሚያውቅ ይንገረኝ። አታባብሉኝ።

እህተ ሚካኤል፦

ወንድሜ፣ አንተ ባትኖር ያ ልጅ እዚያው ቀርቶ ነበር። እግዜር ውለታህን ይክፈልህ። የሲስተሯን ነገር ተወው፣ ሥራ በዝቶባት ነው። ቡናውን ግን እንደ ጥፋት ያነሳኸው አልገባኝም። እናቴ ቢላዋ በቆረጣት ቁጥር ቡና ነው የምታደርግበት። ቀጥ ይላል።

የአምቡላንሷ ሲስተር፦

አታባብሉኝ ስላልክ አላባብልህም። ዘጠኝ ዓመት አምቡላንስ ላይ ሠርቻለሁ፣ ዛሬም ከአዳር ወጥቼ ነው የምጽፍልህ።

መውሰድህ ጥፋት አይደለም። አነሳሳችሁ ነው ጥፋቱ። እሱም የአንተ ብቻ አይደለም፣ የከተማው ሁሉ ነው። እኛ የወደቀ ሰው ስናይ እጃችን ቀድሞ የሚገባው ብብት ሥር ነው። ሰው አስፋልት ላይ ተኝቶ ማየት ነውር ይመስለናል። ማንሳት ማክበር ነው ለኛ። የአንገቱ አጥንት ተሰንጥቆ ከሆነ ግን ያ ማክበር ሕይወቱን ሙሉ ዊልቸር ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል።

ከሁሉ በፊት ደሙን ነበር ማየት የነበረባችሁ። አንድ አዋቂ ሰው ውስጥ ያለው ደም 5 ሊትር ገደማ ነው። የጭን አጥንት ሲሰበር፣ ከውጭ ጠብታ ሳይታይ እንኳ፣ ሊትር እና ከዚያ በላይ እዚያው ጭን ውስጥ ሊፈስ ይችላል። አንተ ደግሞ ከውጭም ሲወርድ አይተሃል። ያኔ የሚያስፈልገው አንድ ሰው ብቻ ነው። ንጹሕ ጨርቅ፣ ሻርፕ፣ የራስህ ሸሚዝም ይሁን፣ ቁስሉ ላይ አድርገህ በሁለት እጅህ፣ ክንድህን ዘርግተህ፣ በክብደትህ ትጫናለህ። "ቆመ ወይ" እያልክ ገልጠህ አታይም። ጨርቁ ከራሰ በላዩ ላይ ሌላ ትጨምራለህ፣ የታችኛውን አታነሳም። ቁስሉ ላይ የተሰካ ነገር ካለ አትነቅለውም። ዙሪያውን ነው የምትጫነው።

እህተ ሚካኤል፣ እናትሽ ቡና ባታደርግበትም ደሙ ይቆም ነበር። ጣት ነዋ። ቡናውን ስታደርግ ጣቷን ጥብቅ አድርጋ ስለምትይዘው ነው ቀጥ የሚለው። ጭን ሌላ ነው። አጥንት ድረስ የዘለቀ ቁስል ውስጥ የገባን ቡና ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ሲያጥብ የሚያመሽ ሐኪም አለ። ቡናውን ለኛ አፍሉልን፣ ከአዳር ስንወጣ።

ተጭነኸውም እየተረጨ ካልቆመ፣ እጅና እግር ላይ ከሆነ፣ ማሰር አለ። እኛ ቱርኒኬት የምንለው። ከሌለህ ነጠላ ቅደድ። ስፋቱ አራት አምስት ሴንቲ ይሁን። የጫማ ማሰሪያና ሽቦ ሥጋ ይቆርጣል እንጂ ደም አያቆምም። ከቁስሉ በላይ፣ አራት ጣት ያህል ከፍ ብለህ ታስራለህ፣ ጉልበትና ክርን ላይ ግን አይደለም። በቋጠሮው ውስጥ ዱላ ወይም የጎማ መፍቻ ታስገባና ደሙ እስኪቆም ታጠማዝዛለህ። ያመዋል። ይጮሃል። ማዘን የለም፣ ላላ ካደረግከው ይብስበታል። ያሰርክበትን ሰዓት ግንባሩ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍ። "ደም ይዙር" ብለህ መሀል ላይ እንዳትፈታው። እሱን ሐኪም ይፍታው።

ያ ማንኮራፋት ያልከው ነገር ደግሞ ስታነሳው ፀጉሬ ቆመ። እንቅልፍ አይደለም። ራሱን የሳተ ሰው ምላሱ ወደ ኋላ ወድቆ መተንፈሻውን ሲዘጋበት የሚሰማ ድምፅ ነው። አስተካክለህ ልትከፍትለት ትችል ነበር። ከራስጌው ተንበርክከህ፣ ከጆሮው ሥር ያለውን የመንጋጋ ማዕዘን በሁለቱም በኩል በጣቶችህ ይዘህ ወደ ሰማይ ትገፋዋለህ። አንገቱን ወደ ኋላ አትቀለብሰውም። ትንሽ ነገር ነው፣ ግን ድምፁ ሲጠፋና ደረቱ ሲነፋ ታየዋለህ። የሚያስታውክ ከሆነ ራሱን፣ ትከሻውንና ዳሌውን አንድ ላይ ይዛችሁ፣ እንደ ግንድ፣ ወደ ጎን ታዞሩታላችሁ። ለዚህ ሦስት አራት ሰው ያስፈልጋል። ያዛዡ ራስ የያዘው ነው። እሱ "ሦስት" ሳይል ማንም አይነቃነቅም።

ሄልሜት እየተነፈሰ ላለ ሰው አይወልቅም። የፊት መስታወቱን ብቻ ክፈትለት። ውኃም አይሰጥም። ግማሽ ነቅቶ ግማሽ ለተኛ ሰው ውኃ ወደ ሳንባ ነው የሚሄደው። ደግሞ ከሰዓታት በኋላ ለኦፕራሲዮን ሰመመን ይሰጠው ይሆናል፣ ሆዱ ባዶ ይሁን። ይልቅ ልጁ ዝናብ መቶታል፣ ጋቢ ደርቡበት። ሰውነት ሲቀዘቅዝ ደም መርጋት ያቅተዋል። ይኼን ብዙ ሰው አያውቅም፣ ነርሶችም አንዳንዴ እንረሳዋለን።

ስልኩ ላይ የተፈጠረውን ሰማሁ፣ በየቀኑ የሚያጋጥመን ነው። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ሰዉ ድሮ የሚጠራው ምልክት ጠፍቶበታል። ባቡሩ ግን አልፈረሰም። "ከለገሃር ባቡር ጣቢያ ወደ ስታዲየም፣ በግራ በኩል" በል። ስንት ሰው እንደተጎዳ፣ እየተነፈሰ መሆኑን፣ ደም እየፈሰሰው መሆኑን ጨምር። ስልኩን ቀድመህ አትዝጋ። አንድ ሊስትሮ ልጅ የስልክ መብራት አስይዘህ መንገድ ላይ አቁም። ቁጥሮቹን ያዝ፦ 907 ቀይ መስቀል፣ 939 እሳትና አደጋ፣ 991 ፖሊስ።

የፒያሳ ልጅ፦

ሲስተር ያልሽው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን አምቡላንስ የሚመጣ ከሆነ ነው። ዓምና ወንድሜ በስለት ደረቱ ላይ ተወግቶ አርባ ደቂቃ ጠብቀናል። የማን አምቡላንስ እንደሆነ አልልም። በመጨረሻ በሚኒባስ ነው የወሰድነው። ላዳ ባይኖር ይህ ልጅም አይተርፍም ነበር። መጀመሪያ መኪናውን አምጡልን፣ ከዚያ አስተምሩን።

የአምቡላንሷ ሲስተር፦

አልከራከርህም ወንድሜ። የጠበቀ ሰው ቁጣ ይገባኛል። እኛም መኪና ውስጥ ሆነን ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ሳይረን እያስጮህን ቆመን ስንቀር ነው የምናረጀው። ሰዉ መንገድ መልቀቅ ይፈልጋል፣ የሚሄድበት ግን የለውም።

ደግሞ በወንድምህ ነገር ልክ ነበርክ። ደረቱን ወይም ሆዱን በስለት የተወጋ ሰው መንገድ ላይ ብዙ የምናደርግለት የለንም። ደሙ ወደ ውስጥ ነው የሚፈሰው፣ መጫን አይቻልም። የሚያድነው ኦፕራሲዮን ነው። አሜሪካ ውስጥ ፊላዴልፊያ በምትባል ከተማ ፖሊሶች እንዲህ የተጎዳን ሰው አምቡላንስ ሳይጠብቁ በራሳቸው መኪና ያደርሳሉ። ሲጠና የእነሱ ታካሚ በአምቡላንስ ከሄደው ያነሰ የመትረፍ ዕድል አልታየበትም። እንግዲህ ላዳውም ያው ነው።

ሰዓቱ ለሌላም ነገር ያስፈልጋል። ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል ደም መፍሰስን የሚቀንስ መድኃኒት አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ውጤቱ በወጣ፣ ከ20,000 በላይ ተጎጂዎች በ40 አገሮች በተሳተፉበት ጥናት ሞት እንደሚቀንስ ታይቷል። ግን ከአደጋው በኋላ በ3 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ነው። ካለፈ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። ስለዚህ ሁለት ሰዓት "ወጌሻ ይይልን" እያሉ ማቆየት ቀልድ አይደለም። ወጌሻውን ለወለምታ አቆዩት።

የላዳው ሰውዬ፣ ላንተ ግን መልሱ እንዲህ ነው። ልጁ ከከፍታ ወይም ከሞተር የወደቀ፣ እየተነፈሰ ያለ፣ ደሙን በእጅህ ልትይዘው የምትችለው ከሆነ ባለበት ይዘኸው ጠብቅ። ደሙ አልያዝ ካለህ፣ ትንፋሹ ካስቸገረህ፣ አምቡላንሱም "ቅርብ ነኝ" ካላለህ ውሰደው። ስትወስደው ግን አታጣጥፈው። የሱቅ መዝጊያ ሳንቃ፣ የወለቀ በር፣ አግዳሚ ወንበር፣ ጠፍጣፋ ነገር ሁሉ ቃሬዛ ነው። ላዳ ለዚህ አትሆንም፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ፒክአፕ አስቁም። ወይም የሚኒባስ ወለል ላይ አስተኛው፣ አንድ ሰው ራሱን ይያዝ፣ አንድ ሰው ደሙን።

የት እንደምትወስድም አስብ። ሁሉም ሆስፒታል ሌሊት ኦፕራሲዮን የሚያደርግ ሐኪም ላይኖረው ይችላል። ከለገሃር ጥቁር አንበሳ ቅርብ ነው። በጳውሎስ ሥር ያለው አቤትም የተቋቋመው ለዚሁ ነው፣ ለቃጠሎ፣ ለድንገተኛና ለአደጋ። ስሙን ማን እንዳወጣው አላውቅም ግን አንጀቴን በልቶታል። የተጠራ ሰው የሚመልሰው "አቤት" ነው።

ከኢንሹራንስ፦

እኔ ክሌም ክፍል ነው የምሠራው፣ የካሳ ጥያቄ የሚታይበት ጋ። ለልጁ ቤተሰብ አንድ ነገር ልጠቁም። አዋጅ 799/2005 የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ አዋጅ ነው። በመኪና የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና ያገኛል ይላል፣ አዋጁ ሲወጣ እስከ 2,000 ብር ድረስ። ዛሬ 2,000 ብር ስንት ራጅ እንደሚያነሳ አትጠይቁኝ። ዋናው ግን ገጭቶ ያመለጠ መኪና ሲሆን ካሳ የሚከፍል ፈንድ አለ። ያለ ትራፊክ ፖሊስ ማስረጃ ግን አይሆንም። ወንድሙ ቶሎ ሄዶ ያስመዝግብ። አንተም ምስክር ሁንላቸው።

ምስክር መሆን እንደሚያደክም አውቃለሁ፣ የጥበቃው ነገርም ያናድዳል። ግን በወንጀል ሕጋችን አደጋ ላይ ያለን ሰው ጥሎ መሄድ ራሱ ያስቀጣል። ትተህ ብትሄድ ነበር የምትጠየቀው። ሁለተኛ ጊዜ ካጋጠመህ ከማንሳትህ በፊት የቦታውን ፎቶ አንሳ። አሥር ሰከንድ ነው።

የላዳው ሰውዬ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሲስተር፣ አላባበልሽኝም፣ ግን ትናንት ማታ ተኛሁ።

ከወንድሙ ጋር ትራፊክ ፖሊስ ጋ ሄደን ቃሌን ሰጥቻለሁ። የእግሩ ጣቶች እየተንቀሳቀሱ ነው አለኝ። ቀይ መስቀል የመጀመሪያ እርዳታ ስልጠና እንደሚሰጥ ሰምቼ ከተራው አምስት ሆነን ልንመዘገብ ነው። እስከዚያ የኋላ ኮፈኔ ውስጥ ፋሻ፣ የአሮጌ ነጠላ ቅዳጅ፣ እስክሪብቶና አንድ ጋቢ አስቀምጫለሁ። ቀበቶዬ ለማሰሪያ ይሆናል ወይ? እሱን ንገሪኝ።

የአምቡላንሷ ሲስተር፦

ቀበቶ ወፍራምና ግትር ስለሆነ በዱላ አይጠመዘዝም፣ የሚበቃውን ያህል አይጠብቅም። ከምንም ይሻላል፣ ግን ነጠላው ይበልጣል።

የላዳው ሰውዬ፦

እሺ። ዛሬ ከሰዓት ተራ ላይ ሥራ ቀዝቅዞ ነበርና ማዞሩን ሞከርነው። ከመሃላችን ወፍራሙን መረጥን፣ ካርቶን አንጥፈን አስተኛነው። ራስ የያዝኩት እኔ ነኝ። "አንድ፣ ሁለት..." ብዬ ሦስት ሳልል አንዱ ሳበው፣ እንደገና ጀመርን። በሦስተኛው ጊዜ እንደ ግንድ ዞረልን። ቀና ስል ሰው ከቦናል። አንዲት እናት የሃይላንድ ውኃ ይዘው ሰዉን እየገፉ ይገባሉ፣ "ውኃ! ልጄን ውኃ ስጡት!" እያሉ። ወፍራሙ ተኝቶ "ኧረ እማማ ደህና ነኝ" ቢላቸው አልሰሙትም።