የፊልም ተማሪን መሻሻል በምን ልለካው?

ሰላም ለሁላችሁ። ግራ ቢገባኝ ነው የምጽፈው። የሚዲያ አርት ማስተርስ አስተምራለሁ። 9 ተማሪዎች አሉኝ፤ ሁሉም የመመረቂያ ሥራቸው ላይ ናቸው። በየሦስት ወሩ ምን ያህል እንደተሻሻሉ ፎርም እሞላለሁ። ፎርሙ ግን ለጽሑፍ ጥናት የተዘጋጀ ነው። «ስንተኛው ምዕራፍ ላይ ደርሷል?» ይላል። ፊልም ምን ምዕራፍ አለው?

በተለይ ሁለቱ እንቅልፍ ነስተውኛል። አንዱ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ላይ ዘጋቢ ፊልም ይሠራል። 14 ሰዓት ቀርጿል፤ ኤዲት የተደረገ አንድ ደቂቃ እንኳ የለውም። ጥሬ ቀረጻውን አብረን ስናይ ግን ለውጡ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መጀመሪያ እዚያ የሚሠሩትን ሰዎች ከሩቅ በዙም ሰርቆ ይቀርጻቸው ነበር። አሁን ሰዎቹ ቆርቆሮ እየቀጠቀጡ ያወሩታል። ሌላዋ በየወሩ ያለቀለት፣ ቀለሙ የተስተካከለ ሥራ ታመጣለች። ያምራል። ግን አምና ከሠራችው አይለይም። በፎርሙ ከሄድኩ እሷ 90፣ እሱ ዜሮ።

የሥራ ማስታወሻ ያዙ ብዬ ነበር። በአንድ ሌሊት፣ በአንድ እስክሪብቶ ጽፈው አመጡ (እኔም ተማሪ ሳለሁ አድርጌዋለሁ)። አሁን ያሰብኩት የሥራቸውን የመጀመሪያና የአሁን ቅጂ ጎን ለጎን አይቼ፣ ለምን እንደቀየሩት በቃል ልጠይቃቸው ነው። ግን ይሄ እንዴት ወደ ነጥብ ይቀየራል? ለሂደቱ ስንት፣ ለውጤቱ ስንት? ተማሪው ራሱ ሳይሆን ጓደኛው ካሜራውን ከያዘለትስ?

ፊልም፣ ፎቶ ወይም ሥዕል የምታስተምሩ፣ የምትጠቀሙበት መመዘኛ ካለ እባካችሁ አካፍሉኝ። ፎርሙ የሚገባው ሰኞ ነው።