የሹፌርን ትኩረት የሚከታተለው ካሜራ ያለ ምክንያት ያስጠነቅቃል፤ ምን ይሻላል?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)፦

ጤና ይስጥልኝ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። የምጠይቀው ከቻይና ስለመጣ አንድ ኤሌክትሪክ መኪና ነው። መኪናው ከፊቱ ካለው ተሽከርካሪ ርቀቱን ጠብቆ፣ የመንገዱን መስመር ተከትሎ የሚሄድበት አጋዥ ሥርዓት አለው። ከመሪው በስተጀርባ የተተከለች ትንሽ ካሜራ ደግሞ የሹፌሩን ፊትና ዓይን እየተከታተለች፣ ያንቀላፋ ወይም ዓይኑን ከመንገዱ ያነሣ ሲመስላት በድምፅና በዳሽቦርዱ ላይ በሚወጣ ምልክት ታስጠነቅቃለች።

ችግሩ ማስጠንቀቂያው ብዙውን ጊዜ ያለ ቦታው መምጣቱ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ፣ ዓይኔን ከአስፋልቱ ሳልነቅል፣ ኩርባ በያዝኩ ቁጥር ማለት ይቻላል ይጮኻል። ጠዋት ወደ ባቲ ስሄድ የፀሐይ መነጽር ካደረግሁ ፊቴን ማግኘት እንዳልቻለ አሳውቆ አጋዥ ሥርዓቱን ያጠፋዋል። መንዙማ ከፍቼ አብሬ ሳዜም እንደደከመኝ ቆጥሮ እንዳርፍ ይመክረኛል። ከወልድያ አልፌ በቆቦ ሜዳ ላይ ቀጥ ባለው መንገድ ስነዳ ደግሞ ሁለቱም እጆቼ መሪው ላይ እያሉ «መሪውን ይያዙ» የሚል ምልክት ይወጣል።

ለአንድ ጋራዥ ባሳይ ካሜራውን በጥቁር ፕላስተር ሸፍኜ እንድገላገል ተመከርሁ። ምክሩ አልተዋጠልኝም፤ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቶ ለሚነዳ ሰው፣ እንቅልፍ ሲመጣ የሚያነቃው ነገር መኖሩ ትልቅ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። ይሁን እንጂ በየኩርባው የሚጮኽ ነገር ውሎ አድሮ ጆሮ መነፈጉ አይቀርምና፣ በእውነት የሚያስፈልገኝ ቀን ሳልሰማው እንዳልቀር እሰጋለሁ። ነገሩን የምታውቁ ምክንያቱንና መፍትሔውን ብታስረዱኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ (ኮምቦልቻ)፦

ወንድማችን፣ አብሽሩ። የዘረዘሯቸው ችግሮች የአንድ ብልሽት ውጤቶች አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ ስለዚህም ለሁሉም የሚሆን አንድ መፍትሔ አይገኝም። ፕላስተሩን ግን እኔም አልደግፈውም። በብዙ መኪኖች ላይ ካሜራው ሲሸፈን አጋዥ ሥርዓቱ አልሠራም ይላል፤ የእንቅልፍ ማስጠንቀቂያውም አብሮ ይጠፋል።

ከመነጽሩ ልጀምር። ይህ ካሜራ የሚያየው በተራ ብርሃን አይደለም። ከጎኑ ያሉት ትንንሽ አምፖሎች ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ ብርሃን ወደ ሹፌሩ ፊት ይልካሉ፤ ካሜራው ደግሞ ከፊቱ ነጥሮ የሚመለሰውን ይይዛል። በጨለማ መሥራት የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ አምራቾች 940 ናኖሜትር የሆነውን ሞገድ ይመርጣሉ፤ ምክንያቱም በአየር ውስጥ ያለው የውሃ ተን ከፀሐይ የሚመጣውን የዚህን ሞገድ ብርሃን ከፊሉን ስለሚውጠው፣ ፀሐይ በካሜራው ላይ የምታደርሰው መረበሽ ይቀንሳል። ቀነሰ ማለት ግን ጠፋ ማለት አይደለም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ የሚነዳ ሰው፣ ዝቅ ብላ የምትመጣው ፀሐይ ግማሽ ፊቱን አብርታ ግማሹን ታጨልምበታለች፤ እሱም ዓይኑን ማጥበቡ አይቀርም። ካሜራው ድካምን ከሚለካባቸው መንገዶች ዋነኛው የዓይን ቆብ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ለምን ያህል ጊዜ 80 በመቶና ከዚያ በላይ ተከድኖ እንደቆየ ማስላት በመሆኑ፣ በፀሐይ የጠበበ ዓይን እንቅልፍ ከያዘው ዓይን ጋር ሊምታታበት ይችላል።

መነጽሩን በተመለከተ ደግሞ ጥቁርነቱ ዋናው ጉዳይ አይደለም። በጣም ጥቁር ሆኖ ኢንፍራሬድን የሚያሳልፍ መነጽር አለ፤ ሣሣ ብሎ የሚታይ ነገር ግን በላዩ በተቀባው ሽፋን ምክንያት ኢንፍራሬድን የሚመልስም አለ። ይህን ቤትዎ ውስጥ መፈተን ይችላሉ። የቴሌቪዥን ሪሞት የሚልከው ብርሃን ለካሜራው ሞገድ በጣም ቅርብ ነው። የስልክዎን የፊት ካሜራ ከፍተው ሪሞቱን ወደ ካሜራው እያነጣጠሩ ቁልፉን ሲጫኑ፣ ከሪሞቱ ጫፍ ላይ ሐመር ብርሃን ብልጭ ሲል ስክሪኑ ላይ ያያሉ። ከዚያ መነጽሩን በመካከል ያድርጉት። ብልጭታው አሁንም በደንብ ከታየ መነጽሩ ለመኪናው ካሜራ እንቅፋት አይሆንም፤ ከጠፋ ወይም በጣም ከደከመ ግን መኪናው ዓይንዎን አያይምና ሌላ መነጽር ይፈልጉ።

ኩርባው ላይ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይከሰታል። ጠንቃቃ ሹፌር ኩርባ ሲይዝ የሚያየው የመኪናውን አፍንጫ ሳይሆን ኩርባው የሚያልቅበትን አቅጣጫ ነው፤ ራሱም ወደዚያው ይዞራል። የመሪውን መዞር ከራስ መዞር ጋር የማያገናዝብ ሶፍትዌር ይህን እንደ መዘናጋት ይቆጥረዋል። በተጨማሪም ካሜራው ከመሪው ጀርባ ያለ ከሆነ፣ መሪው በሰፊው ሲዞር የመሪው ክንዶችና የሹፌሩ እጅ በካሜራውና በፊቱ መካከል ያልፋሉ። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ምልክቱን ያንብቡ፤ ፊት አልታይ ካለው የሚለው ሌላ ነው፣ ዓይን ከመንገድ ተነሣ ሲል የሚለው ሌላ ነው። ፊት አልታይ የሚለው ከሆነ የመሪውን ከፍታና የወንበሩን ርቀት ማስተካከል ብዙ ጊዜ ይረዳል።

ለንጽጽር ያህል፣ የአውሮፓ ኅብረት ያወጣው ደንብ ማስጠንቀቂያው እንዲመጣ የሚጠብቀው ሹፌሩ ዓይኑን ወደ ታች፣ ስልክ ወደሚያዝበት አካባቢ ጥሎ ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ በሆነ ፍጥነት 3.5 ሰከንድ፣ ከ20 እስከ 50 በሆነ ፍጥነት ደግሞ 6 ሰከንድ ሲቆይ ነው። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 3.5 ሰከንድ ማለት 58 ሜትር ያህል ሳያዩ መሄድ በመሆኑ፣ ገደቡ ጥብቅ ነው የሚባል አይደለም። የእርስዎ መኪና ኩርባ ላይ ለአፍታ ዞር ሲሉ የሚጮኽ ከሆነ፣ በሴቲንጉ ውስጥ የማስጠንቀቂያው ስሜታዊነት (በትንሽ ነገር የመነሣቱ ደረጃ) ከፍተኛው ላይ ተደርጎ እንዳይሆን ይመልከቱ። ሴቲንጉ በቻይንኛ ከሆነ በስልክ መተርጎሚያ እያነበቡ ቀስ ብለው ይሂዱበት፤ በግምት አይንኩት።

መንዙማውን በሚመለከት፣ አንዳንድ ሥርዓቶች ማዛጋትን ከአፍ መከፈት ስለሚገምቱ ረጅም ዜማና ማዛጋት ይመሳሰሉባቸዋል። ለዚህ ሶፍትዌሩ ራሱ ከመሻሻሉ በቀር የማውቀው መድኃኒት የለም።

የመርሳዋ (መርሳ)፦

የኮምቦልቻው ወንድማችን በደንብ አስረድተዋል፤ እኔ የምጨምረው ከሴት ሹፌር በኩል ነው። ሻርፕ ወይም ነጠላ አገጭን ሸፍኖ እስከ ከንፈር ሲደርስ ካሜራው የፊትን ቅርፅ ለማግኘት ይቸገራል፤ ግንባር ላይ ዝቅ ብሎ የታሰረ ሻርፕም ቅንድብን ሲሸፍን እንዲሁ ነው። ሻርፑን ትንሽ ከፍ አድርጎ ማሰርና አገጭን መግለጥ ለእኔ ለውጥ አምጥቶልኛል። ኒቃብ የሚለብሱ እህቶች ግን ዓይናቸው ፍጹም ግልጽ ሆኖ እያለ ሥርዓቱ ፊት የለም ሊላቸው ይችላል፤ ይህ የእነርሱ ችግር ሳይሆን ሶፍትዌሩ እንደነሱ ባለ አለባበስ ስላልተፈተነ የመጣ ጉድለት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለአምራቾችም በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል።

ሌላው፣ ካሜራው ከውስጥ መስታወቱ አጠገብ በሆነባቸው መኪኖች ላይ ሙስበሓ ወይም መስቀል የማንጠልጠል ልማዳችን አለ። በየጉድጓዱ እየተወዛወዘ ካሜራውን የሚጋርድ ከሆነ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወሩ ይሻላል። የአገራችንን አቧራም አይርሱት፤ የካሜራውን መስታወት በለስላሳና ደረቅ ጨርቅ ማበስ ልማድ ይሁን።

አንድ ጥያቄም አለኝ። የፊት መለያ ሶፍትዌሮች ጥቁር ፊትን በደንብ አያውቁም ሲባል እሰማለሁ። ይህስ ለእኛ ምክንያት ይሆን ይሆን?

መምህር (ኮምቦልቻ)፦

እህቴ፣ ጥያቄሽ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ጆይ ቡኦላምዊኒና አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ ያሳተሙት ጥናት፣ የፊት ፎቶ አይተው ጾታን የሚለዩ የንግድ ሶፍትዌሮች ቆዳቸው ጠቆር ባለ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ሲሳሳቱ፣ ቆዳቸው ነጣ ባለ ወንዶች ላይ ግን ስሕተታቸው ከ0.8 በመቶ እንደማይበልጥ አሳይቷል። ነገር ግን ያ ጥናት የተመለከተው በተራ ብርሃን የተነሡ ፎቶዎችንና ጾታን መለየትን ስለሆነ፣ ውጤቱን እንዳለ ወደ መኪና ካሜራ ማዛወር ትክክል አይሆንም። ቆዳን የሚያጠቁረው ሜላኒን የሚውጠው የብርሃን መጠን ሞገዱ እየረዘመ ሲሄድ ይቀንሳል፤ በዚህም ምክንያት በኢንፍራሬድ ካሜራ የጥቁርና የነጭ ቆዳ ልዩነት በዓይን ከምናየው እጅግ ያነሰ ነው። የሚቀረው የሥልጠናው ጉዳይ ነው። ሶፍትዌሩ የተማረባቸው ፊቶች የእኛን የዓይን ቅርፅ፣ የእኛን አለባበስና የእኛን የአነዳድ ሁኔታ ካላካተቱ፣ ስሕተቱ በሌላ በር ተመልሶ ይገባል። ዓይናቸው ጠበብ ያለ ሰዎች ነቅተው ሳለ እንዳንቀላፉ የተቆጠሩበት ሁኔታም ከሥልጠናው ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል።

የቆቦ መንገደኛ (ወልድያ)፦

እኔ ኑሮዬ መንገድ ላይ ስለሆነ ከመሣሪያው ይልቅ ስለ አጠቃቀሙ እናገራለሁ። ወንድማችን በደሴና በኮምቦልቻ መካከል አጋዥ ሥርዓቱን ጨርሶ ባይከፍቱት እመርጣለሁ። ሁለቱ ከተሞች ጥቂት ኪሎ ሜትር ተራርቀው ከፍታቸው ግን በ600 ሜትር ገደማ ይለያያል፤ ቁልቁለቱ ላይ የጫነ ሲኖትራክ፣ ባጃጅ፣ አህያ፣ በክረምት ደግሞ የደሴ ጭጋግ አለ። እጅን ከመሪው አንሥቶ መንዳት በሚፈቀድባቸው አገሮች እንኳ እንደልብ አይደለም። የጄኔራል ሞተርስ ሱፐር ክሩዝ የተባለው እጅን ከመሪው አንሥቶ የማስነዳት ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጣ አስቀድሞ በትክክል በተለካ አውራ ጎዳና ላይ ብቻ እንዲሠራ ተደርጎ ነው፤ ካርታው በመጀመሪያ የተሠራውም ለአሜሪካና ለካናዳ መንገዶች ነበር። በእኛ መንገድ ላይ እጅን የሚያሳርፍ መኪና የለም ብሎ መነሣት ለሕይወት ይበጃል።

የቆቦ ሜዳውን ማስጠንቀቂያ በሚመለከት፣ ብዙ መኪኖች እጅ መኖሩን የሚያውቁት መሪው ላይ በሚያርፈው ትንሽ የማዞር ግፊት ነው። መንገዱ ቀጥ ሲል እጅ መሪው ላይ ዝም ብሎ ስለሚያርፍ መኪናው ሰው የለም ይላል። መሪውን በአንድ እጅ ከጎን በኩል ቢይዙት የክንድዎ ክብደት ያን ግፊት ይፈጥራል። ግፊት ሳይሆን ንክኪ የሚለካ መሪ ከሆነ ደግሞ፣ ገበያ ላይ የሚሸጠውን ወፍራም የመሪ ሽፋን አልብሰውት እንደሆነ ያውልቁት፤ ከእጅዎ ጋር ያለውን ንክኪ ያግድበታል።

ደግሞም ሁሉንም ማስጠንቀቂያ ሐሰት ነው አንበል። ከቀትር በኋላ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ሰውነት በተፈጥሮው ይደክማል፤ በከሚሴና በሸዋ ሮቢት ቆላ ሙቀት ሲጨመርበት የባሰ ነው። በረመዳን ለሱሑር ተነሥቶ የዋለ ሹፌር በዚያ ሰዓት ማስጠንቀቂያ ከመጣለት፣ ፀሐዩን ወይም መነጽሩን ከመውቀሱ በፊት መኪናውን ዳር አስይዞ ትንሽ ይተኛ። እንቅልፍ የያዘው ሰው ራሱን እንደነቃ ሲቆጥር በዓይኔ አይቻለሁ።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)፦

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። የሪሞቱን ፈተና አደረግሁ፤ በመነጽሬ ውስጥ ብልጭታው ጨርሶ አይታይም፤ የሌላ ሰው መነጽር ሳደርግበት ግን ይታያል። መሪው ላይም የቆዳ ሽፋን ነበረ፤ አውልቄዋለሁ፤ ውጤቱን ወደ ቆቦ ስሄድ አየዋለሁ። ኩርባው ላይ የሚወጣው ምልክት ግን ፊት አልታየኝም የሚለው ሳይሆን ዓይን ከመንገድ ተነሣ የሚለው ነው። በሴቲንጉ ውስጥ ሦስት ደረጃዎች አሉ፤ የእኔ ከፍተኛው ላይ ነው። ዝቅ ባደርገው የእንቅልፉንም ማስጠንቀቂያ ያዳክምብኝ ይሆን?

የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ (ኮምቦልቻ)፦

መዘናጋትና ድካም በብዙ መኪኖች ላይ ሁለት የተለያዩ ቅንብሮች ናቸው፤ ሦስቱ ደረጃዎች የየትኛው እንደሆኑ ርዕሱን ያስተርጉሙት። የመዘናጋት ብቻ ከሆኑ ወደ መካከለኛው ያውርዱት፤ የድካሙን ባለበት ይተዉት። ለሁለቱም የጋራ ከሆኑ ግን እንዳለ ይተዉትና በቁልቁለቱ ላይ የቆቦው ወንድማችን እንዳሉት አጋዥ ሥርዓቱን አይክፈቱ፤ በአንዳንድ መኪኖች የዓይን ክትትሉ የሚጠነክረው አጋዥ ሥርዓቱ ሲበራ ነውና ጩኸቱ አብሮ ሊቀንስ ይችላል። ከሐርቡ በኋላ መንገዱ ሲቃና መልሰው ይክፈቱት። ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ብቅ ካሉም፣ መኪናው ቆሞ የወንበሩንና የመሪውን ከፍታ አብረን አስተካክለን ካሜራው ፊትዎን እንዴት እንደሚያገኘው እናያለን።