የመኪናው ነዳጅ ደንብ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ ሐሳብ፣ ረቂቅ 3

ጸሐፊ፦
ረቂቁ ይኸው። ያላችሁን ሐሳብ ከእሁድ በፊት ተናገሩ፤ እሁድ አዲስ ነገር አልሰማም።
«1. የማኅበሩ መኪና ነዳጅ የሚሞላው ከማደያ ብቻ ነው። ደረሰኝ ይያዛል። 2. ከማደያ ውጪ የሞላ ወይም ያስሞላ ሰው የሚመጣውን ታክስና ቅጣት ከኪሱ ይከፍላል። 3. ለኤሴክሱ ጉዳይ (እንግሊዝ አገር ኤሴክስ፣ መኪናው በቀይ ናፍታ ለተያዘበት) ከካዝና የወጣው 780 ፓውንድ በምን እንደሚተካ ጉባኤው ይወስናል።»

ገንዘብ ያዥ፦
አንዳንዱ አሁንም «ለትንሽ ናፍታ ይሄ ሁሉ» ስለሚል ሂሳቡን ላስቀምጥ። ቀዩ ናፍታ፣ ማለትም ለእርሻና ለመሰል ሥራ ታክሱ ተቀንሶ ቀይ ቀለም የተጨመረበት፣ ታክሱ ያኔ በሊትር 10.18 ፔንስ ነበር። መንገድ ላይ የሚነዳበት ነጩ 52.95። ልዩነቱ 42.77። የቀዳነው 40 ሊትር ነው። አባዙት፤ 17 ፓውንድ ከ11 ፔንስ። ታክሷ ይቺው ናት። የቀረው ቅጣት፣ ማስጎተቻና መኪናውን ማስለቀቂያ ነው። 17 ፓውንድ 780 ወለደች።

ሾፌሩ፦
ስሜ ባይጠራም ሁሉም ያውቀኛል፣ ስለዚህ እኔው ልናገር። ሽርሽሩ አልቋል፣ መሽቷል፣ 11 ሰው ጭኛለሁ፣ ግማሹ ሕፃን ነው። የነዳጁ መርፌ ታች ተኝቷል። የእርሻው ሰውዬ ከጓሮ ካለው ታንከር ቀዳልኝ፣ 40 ፓውንድ ሰጠሁት። ለትራክተር ብቻ የተፈቀደ መሆኑን በምን ልወቅ? በጨለማ ቀለሙ አይታይ።
በማግስቱ መኪናውን ልመልስ ስሄድ የግብር ቢሮ ተቆጣጣሪዎች መንገድ ዳር አስቆሙኝ። ቀጭን ቱቦ ታንኩ ውስጥ ሰደዱና ብልቃጥ ውስጥ ሳቡት። ሴትዮዋ ብልቃጡን ወደ ፀሐይ አነሳችው። ልክ ካርካዴ። አላውቅም ነበር ብላት «ታንኩ ውስጥ መገኘቱ ይበቃል» አለችኝ። መኪናውን ያዙት፣ በአውቶቡስ ተመለስኩ። ነጻ አገልግሎት ነው የሰጠሁት፣ ይሄም ይጻፍልኝ።

ባለ ጋራዡ፦
አይዞህ። ታንኩ ግን መታጠብ አለበት። ነጭ ቢጨመርበትም ምልክቱ በቀላሉ አይጠፋም፣ ቀለም ብቻ ሳይሆን በዓይን የማይታይ ነገርም አለበት። ድጋሚ ቢያስቆሙን አሁን «አናውቅም» ማለት አንችልም። ቅዳሜ አምጡልኝ፣ በነጻ አጥበዋለሁ።

ሕግ የምታጠናው፦
እኔ ደግሞ የግብር ቢሮውን መመሪያ 75፣ ስለ መኪና ነዳጅ የሚለውን፣ አንብቤ እስከ ሐሙስ በአጭሩ አመጣለሁ።

የክሮይደኑ (ደቡብ ለንደን)፦
አንቀጽ 1 ላይ «የማኅበሩ መኪና» ይላል። ከመቼ ጀምሮ?

ጸሐፊ፦
ጋሼ፣ የምናወራው ስለ ነዳጅ ነው።

የክሮይደኑ፦
እኔም ስለ ነዳጅ ነው። ባለቤቱ ያልታወቀ መኪና ነዳጁን ማን ይሞላል? መኪናው የተገዛው በዕድር ገንዘብ ነው። ለቀብርና ለልቅሶ። ሽርሽር የሚባል ነገር ያኔ አልነበረም።

የቶተንሃሟ (ሰሜን ለንደን)፦
እውነቱን ነው። እኔ ሁለት ክረምት ሙሉ ድፎ ጋግሬ የሸጥኩት ለዕድሩ መኪና ተብሎ ነው። «የማኅበሩ» የሚል ቃል ያኔ ቢነሳ አንድ ዳቦ አልጋግርም ነበር።

የወጣቶች ተጠሪ፦
የዕድሩ ከሆነ ኢንሹራንሱን ለምን ማኅበሩ ይከፍላል? ዓመታዊውን የመኪና ምርመራ፣ ኤምኦቲውንስ? ጎማውንስ?

የክሮይደኑ፦
ከትናንት ወዲያ የመጣ ልጅ ሂሳብ ያስተምረን ጀመር።

የወጣቶች ተጠሪ፦
ማኅበሩ ውስጥ 9 ዓመቴ ነው ጋሼ። መዋጮዬ አንድ ወር አልተዛነፈም። የእርስዎን ገንዘብ ያዥ ይንገረን?

ገንዘብ ያዥ፦
እኔን አታስገቡኝ።

የክሮይደኑ፦
ንገራቸው! ምን ትፈራለህ? እኔ ሆስፒታል ተኝቼ ያለፈኝን ሦስት ወር ነው የሚቆጥረው። ይሄ ነው እንግዲህ የእናንተ ማኅበር።

የዕድሩ ዳኛ፦
በቃ። መዋጮ እዚህ አይነሳም። ልጄ፣ አንተም ይቅርታ ጠይቅ። ጋሼ፣ እርስዎም ተዉት።

የወጣቶች ተጠሪ፦
ሆስፒታሉን አላወቅኩም ነበር። ይቅርታ ጋሼ።

የክሮይደኑ፦
እሺ። ቃሉ ግን ይስተካከል።

የባዛር ኮሚቴ፦
ጣልቃ ልግባ። ከኤፕሪል 2022 ወዲህ ቀዩ ናፍታ ለእርሻና ለጥቂት ሥራዎች ብቻ ነው የቀረው። የግንባታ ማሽን እንኳ ተከልክሏል። እኛ ደግሞ ባዛር ላይ ጄኔሬተር አስነስተን ምግብ እንሸጣለን። ይሄ ንግድ ነው። ባለፈው የተረፈችው ጀሪካን መጋዘን ውስጥ አለች። ውስጧ ምን ቀለም ነው? የሚያውቅ ይንገረኝ።

የቶተንሃሟ፦
«የዕድሩና የማኅበሩ» ቢባልስ?

የወጣቶች ተጠሪ፦
«የማኅበሩና የዕድሩ» ከሆነ እስማማለሁ።

የክሮይደኑ፦
ዕድሩ ይቀድማል። በዕድሜም በገንዘብም።

ጸሐፊ፦
ዕድሩ ይቅደም፣ አለቀ። መመሪያ 75ስ? ሐሙስ አልፏል። ሕግ የምታጠናው እህታችን፣ አለሽ?

ሾፌሩ፦
ቅዳሜ ጋራዡ ሄጄ ነበር። ዝግ ነው። ስልክም አይነሳም።

ገንዘብ ያዥ፦
መኪናው በመያዙ ላይ መከራከሪያው አንድ ወር ነበር፣ እሱም አልፏል። ስለዚህ አንቀጽ 3ን እባካችሁ እንወስን። ሾፌሩ ብቻውን ይክፈል የሚል ካለ በግልጽ ይናገር።

የዕድሩ ዳኛ፦
ማንም አይልም። ልጁ ሰው ሊያደርስ ነው የሞላው። ሲመሽ 11 ሰው ሜዳ ላይ ጥሎ ቢመጣ ኖሮ ዛሬ በዚያ እንከሰው ነበር።

የቶተንሃሟ፦
ልጅ አይከፍልም። አንቀጽ 2ም ከበደኝ። «ከኪሱ ይከፍላል» ከተባለ ማን ነው ደፍሮ የሚነዳልን? እኔ በሌሊት ልቅሶ ልሂድ ስል ቁልፉን የሚይዝ አጣለሁ።

ጸሐፊ፦
ከማደያ የሞላ ሰው ምንም አይከፍልም እኮ እትዬ።

የቶተንሃሟ፦
ገብቶኛል። ቃሉ ነው የከበደኝ።

የወጣቶች ተጠሪ፦
አንድ ሐሳብ። ስሙ በመኪናው ጎን ላይ ቢጻፍ ክርክሩም ያበቃል፣ መንገድ ላይም የማን እንደሆነ ይታወቃል። የማውቀው ሰው በ120 ፓውንድ ይጽፋል።

የክሮይደኑ፦
ይሄ ጥሩ ሐሳብ ነው። ልጅ አንዳንዴ ያስባል።

የባዛር ኮሚቴ፦
ጀሪካኗን የከፈተ የለም?

ጸሐፊ፦
ረቂቅ 4። «1. የዕድሩና የማኅበሩ መኪና ስሙ በሁለቱም ጎን ይጻፋል። 2. ነዳጅ ከማደያ ይሞላል፤ ከማደያ ውጪ የሞላ ሰው ይመከራል። 3. የ780 ፓውንዱ ጉዳይ ለሚቀጥለው ጉባኤ ይተላለፋል።» እሁድ የሚቀርበው ይሄ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
ታዲያ 120ው ከየትኛው ሂሳብ ይወጣል?

ሾፌሩ፦
ቁልፉን ለጸሐፊ አስረክቤያለሁ። ታንኩ እንዳለ ነው፣ አልታጠበም። ይታወቅልኝ።

የወጣቶች ተጠሪ፦
ጽሑፉ በምን ቀለም ይሁን? ቀይ እንዳትሉ ብቻ።

የክሮይደኑ፦
ሰማያዊ። «ዕድር» የሚለው ደግሞ ፊደሉ ተለቅ ይበል።